ቋንቋ ተማሪ ከወንበሩ ይነሣ



የባዕድ ቋንቋ ተማሪ ቀኑን ሙሉ መጽሐፍ ላይ አቀርቅሮ ሲውል ትጋቱ ይመሰገናል፤ ነገር ግን ጀርባው ይጎብጣል፤ ያጠናውም ቃል ከወረቀት አልፎ ከአንደበቱ አይደርስም።

የካሊፎርኒያው የሥነ ልቡና ምሁር ጄምስ አሸር እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በጃፓንኛና በሩስኛ ትምህርት ሌላ መንገድ ሞከሩ። መምህሩ «ተነሡ፤ ተራመዱ፤ ተቀመጡ» እያለ ያዛል፤ ተማሪዎቹም በአፍ ሳይሆን በሰውነታቸው ይመልሳሉ። ንግግር የሚከተለው ጆሮ ከለመደ በኋላ ነው።

ለጤና ግን ይህ ብቻ አይበቃም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ለአዋቂዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ መክሯል፤ ይህም በቀን 22 ደቂቃ ያህል ነው። ተማሪው የተቀዳ ንግግር እያዳመጠ ፈጠን ብሎ ቢራመድ ሁለቱንም ያተርፋል።

እንግዲህ ጸጥ ብሎ የተቀመጠ ክፍል ሁሉ የሚማር ክፍል አይደለምና፣ መምህር ተማሪውን ከወንበሩ ለማስነሣት ይድፈር።