ክራሩም መድረኩም

ሀ፦ ቡናው ሳይበርድ ስለ ተዋናይቷና ክራር ተጫዋቿ አስናቀች ወርቁ እናውራ። መድረኩ ላይ ብቅ ያለችው የሴቶችን ገጸ ባሕርይ ወንዶች ቀሚስ ለብሰው በሚጫወቱበት ዘመን ነው።

ለ፦ ሙሽራዪቱም ወንድ? ተመልካቹ እንዴት ቻለው!

ሀ፦ ችሎታል። የከበደው ለሴቷ ነበር፤ መድረክ ከወጣች «አዝማሪ» ተብላ ትሰደባለች። አስናቀች ግን ትወናውንም፣ ዘፈኑንም፣ ክራሩንም አልተወችም። የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ ያኔ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ ሲነሳ ስሟ አብሮ ይነሳል።

ለ፦ እንግሊዞቹም ተዋናይቷ ማጊ ስሚዝ ነበረቻቸው። እንደ ፈረንጆቹ በ1952 ኦክስፎርድ ላይ የሼክስፒርን ቫዮላ ሆና ጀመረች፤ ሁለት ኦስካር ወሰደች።

ሀ፦ ለአስናቀች ደግሞ እንደ ፈረንጆቹ በ2003 የወጣው የኢትዮፒክስ የሙዚቃ አልበሞች ተከታታይ 16ኛ ቅጽ ሙሉ በሙሉ የእሷ ነው።

ለ፦ እሱ ግን ዘፈኗን ነው የያዘው። ትወናዋስ?

ሀ፦ የሚያንገበግበው እሱ ነው። እስቲ ክራሯን እናሰማ።