«እዚህ ሰው አላችሁ?»

(ለምእመናንና ለፕሮጀክት ሠራተኞች ከተደረገ ንግግር)



ለሥራ ወደ ገራዶ ስንመደብ አገሩን በካርታ እንጂ በዓይን አናውቀውም ነበር። ከኮምቦልቻ ተነሥተን የሐረጎን ዳገት ስንወጣ ሙቀቱ ከኋላችን ቀረ። ደሴ ስንደርስም የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ ተቀበለን። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ሲሆን ደሴ 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች፤ ስስ ሸሚዝ ለብሰን ነበርና ልዩነቱን ብርዱ አስተማረን።

በማግስቱ መጠይቃችንን ይዘን ወደ ገራዶ ወረድን። ስለ ፕሮጀክቱ ማስረዳት ሳንጀምር አንዲት ሙስሊም እናት ቡና አፍልተው ጠሩን። አቦሉ፣ ቶናው፣ በረካው እስኪጠጣ ድረስ ስለ ሥራችን አልጠየቁንም። በመጨረሻ «ልጆቼ፣ እዚህ ሰው አላችሁ?» አሉን። የለንም ስንላቸው «አብሽሩ፤ እኛ አለን» ብለው መለሱልን። ልንረዳ መጥተን ተረጂዎቹ እኛው ሆንን።

ቆይተን እንደ ተረዳነው ያ ጥያቄ ካዘነ ልብ የወጣ ነበር። ልጃቸው ጅዳ ሠርታ ተመልሳለች። ከተማዪቱን ያየቻት በመጀመሪያዋ ሌሊት በመኪና መስኮት ነው፤ «መብራቱ ሌሊቱን ቀን አስመስሎት ነበር» አለችን። ቤቱ ስትደርስ ፓስፖርቷን ወሰዱባት። ከዚያ በኋላ ለብዙ ወራት የምታውቃት ጅዳ በማድ ቤቱ መስኮት ትይዩ ያለው ግንብ ብቻ ነበረች። ቋንቋው አይገባትም፤ ሰው አለሽ ወይ ብሎ የጠየቃትም አልነበረም።

ይህ የእርሷ ብቻ ታሪክ አይደለም። «ከፋላ» በሚባለው አሠራር የቤት ሠራተኛዋ የመኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪዋ ጋር የተያያዘ ነው፤ ተበድላ ቤቱን ጥላ ብትወጣ እንኳ ሕገ ወጥ ተብላ ልትያዝ ትችላለች። በ2006 ዓ.ም. ከኅዳር ወር ጀምሮ ሳዑዲ ዐረቢያ ፈቃድ የሌላቸውን ስታስወጣ፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ወደ አገራቸው ተመልሰዋል። ከእነርሱም ብዙዎቹ የወሎ ልጆች ነበሩ።

ስለዚህ ወገኖች ሆይ፣ ሦስት ነገር እንለምናችኋለን። አንደኛ፣ ለመሄድ የቆረጠችውን ልጅ በተግሣጽ ብቻ አንሸኛት። የውሏንና የፓስፖርቷን ቅጂ ቤተ ሰቧ ዘንድ ታስቀምጥ፤ የቤቷንና በምትሄድበት አገር ያለውን የኢትዮጵያ ቆንስላ ስልክ ቁጥር በቃሏ ታጥና፤ የእጅ ስልኳ ሊወሰድባት ይችላልና። ሁለተኛ፣ በዚያ ከተማ የምናውቀው ወገን ካለ መምጣቷን አስቀድመን እናስታውቀው። ሦስተኛ፣ ስትመለስ «ምን ይዘሽ መጣሽ?» አንበላት። እኩዮቿ አግብተው፣ ትታ የሄደችው ሕፃን አድጎ ሳያውቃት ሲቀር፣ ለገዛ ቀዬዋ እንግዳ ሆናለች። ሙስሊም ናት ክርስቲያን ሳንል ቡና አፍልተን እንጥራት።

በዘሌዋውያን 19፥34 እግዚአብሔር ሕዝቡን ስለ መጻተኛ ሲያዝዝ እነርሱም በግብፅ መጻተኞች እንደ ነበሩ ያስታውሳቸዋል። እኛም የመጀመሪያውን ቀናችንን፣ ያንን ብርድና ያንን ሲኒ አንርሳ። ከዛሬ ጀምሮ በየአጥቢያችን አዲስ ፊት ስናይ ስሙን ከመዝገብ ከማስገባታችን በፊት «እዚህ ሰው አለህ ወይ? ሰው አለሽ ወይ?» ብለን እንጠይቅ። የለኝም ካለንም «እኛ አለን» እንበለው።

ጌታ ይባርካችሁ።