ጨውና ውሃ፤ የዶሮ ሥጋ ሳይደርቅ የሚበስልበት ዘዴ



በኢትዮጵያ የዓመት በዓል ዶሮ ተራ ምግብ አይደለም። ከ55 ቀን ጾም በኋላ በትንሣኤ ማለዳ የሚቀርበው ወጥ የቤተሰቡ ገንዘብ፣ የባለሙያዋ ድካምና የእንግዳው ክብር አንድ ላይ የሚመዘኑበት ነው። ሽንኩርቱ ለሰዓታት ተቁላልቶ፣ ዶሮው በ12 ብልት ተበልቶና ታጥቦ ከተሠራ በኋላ የደረቱ ሥጋ እንደ ጥጥ ደርቆ ቢገኝ፣ የባከነው ሥጋው ብቻ ሳይሆን ልፋቱም ጭምር ነው። የዚህ ንግግር ዓላማ ይህን ድርቀት ለመከላከል የሚረዳውን ቀላል ዘዴ፣ ማለትም ዶሮን ከማብሰል በፊት በተመጠነ የጨው ውሃ መዘፍዘፍን፣ ከነምክንያቱ ማስረዳት ነው።

ዘዴው ለኢትዮጵያ ማድ ቤት ፈጽሞ ባዕድ አይደለም። የተበለተውን ዶሮ በጨውና በሎሚ ውሃ መዘፍዘፍ ከእናት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የኖረ ሙያ ነው። ነገር ግን የዚህ ልማድ ዓላማ ጠረንንና ደምን ማስወገድ በመሆኑ ጨው አይመዘንም፤ ጊዜውም አይቆጠርም። ከዚህም የተነሣ ጨው ሊሰጥ የሚችለው ሁለተኛው ጥቅም ሳይታወቅ ይቀራል።

እዚህ ላይ አንድ ተገቢ ጥያቄ ይነሣል። ጨው ሥጋን የሚያደርቅ መሆኑን ቋንጣ የሰቀለ ሁሉ ያውቃል። ታዲያ ያው ጨው እንዴት ተመልሶ የሥጋን ርጥበት ጠባቂ ሊሆን ይችላል? መልሱ ያለው በመጠኑ ላይ ነው። ሥጋ ከክብደቱ ሦስት አራተኛ የሚያህለው ውሃ ሲሆን፣ ይህም ውሃ በአብዛኛው የተያዘው ከፕሮቲን በተሠሩ እጅግ ቀጫጭን የጡንቻ ክሮች መካከል ነው። ሥጋው ሲሞቅ ክሮቹ ይኮማተራሉ፤ እንደሚጨመቅ ጨርቅም ውሃውን ወደ ውጭ ይገፉታል። መካከለኛ መጠን ያለው ጨው ወደ ክሮቹ ሲገባ ግን እርስ በርሳቸው እንዲገፋፉና እንዲያብጡ ያደርጋል። ጄራልድ ኦፈርና ጆን ትሪኒክ በ1983 (እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት ጥናት ይህንኑ እብጠት አሳይተዋል። በተጨማሪም ማዮሲን የተባለው ፕሮቲን በከፊል ስለሚሟሟ፣ በሙቀት ጊዜ እንደ ወፍራም አጥሚት ረግቶ ውሃውን ይይዛል። ጨው ከመጠን በላይ ሲበዛ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ውሃው ተስቦ ይወጣል፤ ሥጋውም ወደ ቋንጣነት ያዘነብላል።

ይሁን እንጂ ዘዴው የማይፈታው ችግር መኖሩ ሊዘነጋ አይገባም። ድርቀትና ጥንካሬ አንድ አይደሉም። የፈረንጅ ዶሮ በጥቂት ሳምንታት አድጎ ስለሚታረድ ሥጋው ለስላሳ ነው፤ ጉዳቱ በቶሎ መድረቁ ነው። ያረጀ የሐበሻ አውራ ዶሮ ግን የሚጠነክረው ጡንቻውን በሚያስተሳስረው ኮላጅን ምክንያት ነው። ይህንን ጨው አይፈታውም፤ የሚፈታው ርጥበት ያለው ረጅምና ዝግ ያለ ሙቀት ነው። የአዲስ አበባ ከፍታ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል በመሆኑ ውሃ እዚያ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ስለሆነም የደጋ ነዋሪ ለእንዲህ ያለው ዶሮ ከቆላው ነዋሪ ይልቅ ረዘም ያለ ጊዜ ቢሰጥ ትክክል ነው።

ወደ አሠራሩ ስንሻገር፣ ለ1 ሊትር ውሃ 60 ግራም ጨው በቂ ነው። ይህም ከ6 በመቶ ጥቂት ያነሰ ብጥብጥ ይሆናል። ጨው በማንኪያ ከሚለካ ቢመዘን ይመረጣል፤ የደቀቀና ሻካራ ጨው በአንድ ማንኪያ እኩል አይመዝኑምና። ጨው ሙሉ በሙሉ ከሟሟና ውሃው ከቀዘቀዘ በኋላ ሥጋው እስኪሸፈን ድረስ ይዘፈዘፋል። ለተበለተ ዶሮ ከ1 እስከ 2 ሰዓት፣ ላልተበለተ ከ4 እስከ 8 ሰዓት ይበቃል። ጨው በሥጋ ውስጥ ለመጓዝ የሚወስድበት ጊዜ ከውፍረቱ ጋር በቀጥታ ሳይሆን ከውፍረቱ ካሬ ጋር ያድጋል፤ እጥፍ ውፍረት ያለው ብልት አራት እጥፍ ጊዜ ይጠይቃል። በዚህም ምክንያት ክንፍና ደረት አብረው ብዙ ሲቆዩ ክንፉ አስቀድሞ ጨው ይበዛበታል። ሎሚ ቢያስፈልግ በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ብቻ ይጨመር፤ በአሲድ ውስጥ ብዙ የቆየ ሥጋ ገጹ ይነጣል፤ ጣዕሙም ይለወጣል።

ጊዜ ያለው ሰው ከስህተት በተሻለ የሚጠብቅ ስሌት ሊጠቀም ይችላል። 1.5 ኪሎ ግራም የሚመዝን ዶሮ በ1.5 ሊትር ውሃ ቢዘፈዘፍ ድምሩ 3 ኪሎ ግራም ነው። የዚህ 1.5 በመቶ 45 ግራም ጨው ይሆናል። ሥጋውና ውሃው እስኪመጣጠኑ አንድ ሙሉ ቀን በማቀዝቀዣ ቢቆዩም፣ የሥጋው ጨው ከታሰበው መጠን ሊያልፍ አይችልም።

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚሻው ግን የሙቀቱ ጉዳይ ነው። ይህን ያህል ጨው ሳልሞኔላን የመሳሰሉ ጀርሞችን አይገድልም። ስለዚህ ዝፍዝፉ ከ4 ዲግሪ በማይበልጥ ቅዝቃዜ፣ ክዳን ባለው ዕቃ፣ በማቀዝቀዣው የታችኛ መደርደሪያ ሊቀመጥ ይገባል። መብራት በሚቋረጥበት ሰፈር በረዶ ካልተገኘ ሌሊቱን ሙሉ መዘፍዘፍ አይመከርም። የተጠቀሙበት ውሃ ሁለተኛ አያገለግልም፤ ይደፋል። ቤት ውስጥ ታርዶ የተነጨ ዶሮ መታጠቡ የማይቀር ቢሆንም፣ በቧንቧ ውሃ ሥር ከማጠብ በሳፋ ውስጥ ማጠብ ይሻላል፤ ፍንጣሪው ጀርሙን ወደ ሰላጣውና ወደ እንጀራው ያደርሳልና። ማንኛውም የዶሮ ሥጋ ውስጡ 74 ዲግሪ ሲደርስ ለመበላት አስተማማኝ ይሆናል። ደረቱ ከዚህ ብዙ እንዳያልፍ በቁሌቱ ውስጥ ከእግሩ ዘግይቶ ቢጨመር፣ ጨው የጠበቀውን ርጥበት እሳት አይወስደውም። ለሚጠበስ ዶሮ ደግሞ ቆዳው በንጹሕ ጨርቅ በሚገባ መድረቅ አለበት፤ ውሃው ተንኖ ሳያልቅ ቆዳ አይቀላም።

በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን አንድ ተጨማሪ ነገር ማስተዋል ይገባቸዋል። በአሜሪካ ገበያ የሚሸጥ ዶሮ አንዳንዱ አስቀድሞ የጨው ውሃ የተወጋ ነው፤ ይህም በማሸጊያው ላይ ይጻፋል። በእስራኤል የሚሸጠው የኮሸር ዶሮም በሃይማኖቱ ሥርዓት በጨው ተነስንሶ የታጠበ ነው። እንዲህ ያለውን ዳግመኛ መዘፍዘፍ ወጡን ማበላሸት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ስለሚመክር፣ በተዘፈዘፈ ዶሮ በተሠራ ወጥ ላይ የሚጨመረው ጨው መቀነስ አለበት። የደም ግፊት ያለበት ሰው በገበታው ካለ ደግሞ ዘዴውን መተው ይሻላል።

ክቡራን አድማጮች! ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ትምህርት ከአንድ ዶሮ ያልፋል። እናቶች በእጃቸው ያቆዩት ልማድ ስህተት አልነበረም፤ የጎደለው ሚዛንና ሰዓት ብቻ ነበር። ዕውቀት ወደ ማድ ቤት ሲገባ ሙያን ለመንቀፍ ሳይሆን ለማገዝ መሆን አለበት። 60 ግራም ጨው ዋጋው እጅግ አነስተኛ ነው፤ ለአንድ ዓመት በዓል የተገዛው ዶሮ ግን ለብዙ ቤተሰብ ዳግመኛ በቀላሉ የሚገኝ አይደለም።