ሕፃኑ ካለቀሰ በኋላ

የዛሬዎቹ ተመራቂ አዋላጅ ነርሶችና የጨቅላ ሕፃናት ነርሶች፦

የምነግራችሁ አንድ ነገር ነው። ሕፃኑ ሲያለቅስ ሁሉም እፎይ ይላል። ያ ሰዓት ግን ለእናቲቱ ከባዱ ሰዓት ነው።

ምክንያቱን መምህሮቻችሁ አስተምረዋችኋል። የእንግዴ ልጁ ከተላቀቀ በኋላ የተከፈቱትን የደም ሥሮች የሚዘጋቸው ማህፀኑ ራሱ ነው፤ ተኮማትሮ ያንቃቸዋል። ማህፀኑ ከላላ ደሙ ይወርዳል። ሽንት የሞላበት ፊኛ ደግሞ ማህፀኑ በደንብ እንዳይኮማተር ያግደዋል። ይህን ሁሉ ለፈተና አጥንታችሁታል። እኔ የምጨምርላችሁ ሥራ ላይ ያየሁትን ነው፦ የተቆጣችኋት እናት ሽንቷ ቢመጣ አትነግራችሁም፤ ደም ቢፈሳትም አትጠራችሁም።

ገና ጀማሪ ሳለሁ የምሠራበት ጤና ጣቢያ ከከተማ የራቀ ነበር። አንድ ምሽት ተረኛ ሆኜ ስገባ የመጀመሪያ ልጇን የተገላገለች ወጣት ጥግ ያለው አልጋ ላይ ተኝታለች። መዝገቡ ላይ ሁሉም ደኅና ነው፦ በሰላም ወልዳለች፤ ልጁ ወንድ ነው፤ 3 ኪሎ ይመዝናል። እልልታው ተብሏል፤ አማቷ ደጅ ላይ ገንፎ እያገነፉ ነው። መዝገቡ ላይ ያልሰፈረው፣ ምጥ ላይ ሳለች ስትጮኽ «ዝም በይ! የምትወልጂው አንቺ ብቻ ነሽ እንዴ?» ተብሎ እንደተጮኸባት ነው። እርሷም ዝም አለች። ከወለደችም በኋላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ ጋቢዋን እስከ አንገቷ ስባ፣ ዝም እንዳለች ነበር። ዝም ያለች አራስ ደግሞ ላያት ሁሉ ደኅና ትመስላለች።

ተረኛዋን ተክቼ መዝገብ ስረከብ፣ ወለሉን ስትወለውል የነበረች የጽዳት ሠራተኛ ጠጋ ብላ «ሲስተር፣ ያቺ አራስ ደጋግማ ውሃ ውሃ ትላለች፤ ከንፈሯም ነጥቷል» አለችኝ። ሮጬ ጋቢውን ገለጥኩት። ከሥሯ ያለው አንሶላ በደም ርሷል። ሆዷን ስዳስሰው ማህፀኗ ልል ነው፤ ፊኛዋ ተወጥሯል። እኔ ማህፀኗን እያሸሁ ባልደረባዬ ሽንቷን በካቴተር አወጣች፤ ኦክሲቶሲን ሰጠቻት፤ በሁለቱም ክንዶቿ ፈሳሽ ሰቀለችላት። ማህፀኗ ቀስ በቀስ እጄ ላይ ጠጠረ። የጠራነው አምቡላንስ ሳይደርስ ደሙ ቆመ።

ሲነጋ አጠገቧ ተቀምጬ «እህቴ፣ ምነው ሳትጠሪን?» አልኳት። «እንዳትቆጡኝ ፈርቼ» አለችኝ። ሽንቷንም አፍራ ይዛው ኖሯል።

ልጆቼ፣ በዚያ ሌሊት መድኃኒቱ ነበረ፤ ፈሳሹ ነበረ፤ የሠለጠነ ባለሙያም ነበረ። ሊገድላት የደረሰው ፍርሃት ነው። ስለዚህ በማዋለጃ ክፍል መልካም አንደበት የጠባይ ጉዳይ ነው ሲሉኝ አልቀበልም። ሙያ ነው! ደም ግፊት መለካት ሙያ እንደሆነ ሁሉ፣ እናት ሳትፈራ እንድትናገር ማድረግም ሙያ ነው።

ከወሊድ በኋላ ባሉት ሁለት ሰዓታት በየ15 ደቂቃው ሂዱላት። እጃችሁን ሆዷ ላይ አኑሩ። ጨርቁን ገልጣችሁ እዩ። የደም ግፊቷንና የልብ ምቷን ለኩ። ሽንቷን እንድትሸና እርዷት። በስሟ ጥሯት፤ ከሩቅ «አንቺ!» እያላችሁ አትጩኹባት። ስልካችሁን ኪሳችሁ ክተቱ፤ ይህን እንደ እናት እየተቆጣሁ ነው የምነግራችሁ። ኦክሲቶሲን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቀመጥ አለበትና፣ መብራት ሲጠፋ ማቀዝቀዣውን የሚከታተለው ማን እንደሆነ በተመደባችሁበት ቀን ጠይቁ።

የጨቅላ ሕፃናት ነርሶችም ተረሳን እንዳትሉ። በደንብ የሚተነፍሰውን ሕፃን አድርቃችሁ እናቱ ደረት ላይ ገላ ለገላ አስተኙት። ገላውን ለማጠብ 24 ሰዓት ጠብቁ። በመጀመሪያው ሰዓት እንገሩን ይጥባ። አያት ቅቤ ላልሰው ካሉ በአክብሮት አስረዷቸው፤ እሳቸውንም አትቆጡ። እ.ኤ.አ. በ1978 በኮሎምቢያ ቦጎታ ከተማ የማሞቂያ ሣጥን ያጠራቸው ሐኪሞች ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናትን በእናቶቻቸው ደረት ማሞቅ ጀመሩ። በ2022 የዓለም ጤና ድርጅት ይህ እንክብካቤ ከተወለዱበት ሰዓት አንሥቶ እንዲጀመር መከረ። ለእኔ ሌላም ጥቅም አለው፦ ልጁ ደረቷ ላይ ካለ፣ ልጁን ልታዩ በሄዳችሁ ቁጥር እናቲቱንም ታያላችሁ።

በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2000 በጤና ተቋም ይወልዱ የነበሩት ከመቶ 5 ብቻ ነበሩ፤ በ2019 ከመቶ 48 ደረሱ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት ዞረው ለምነዋቸዋል፤ እናቶችም አምነውን መጥተዋል። ከመጡት አንዷን ብናመናጭቃት እህቷም ጎረቤቷም እቤት መውለድን ይመርጣሉ። የተራዘመ ምጥ እቤት ሲያዝ ምን ጥሎ እንደሚሄድ የፌስቱላ ሆስፒታል ይመስክር። ዶክተር ሬጅናልድና ዶክተር ካትሪን ሃምሊን በ1959 ወደ አዲስ አበባ የመጡት የአዋላጆች ትምህርት ቤት ለማቋቋም ነበር። የፌስቱላ ታማሚዎችን ሥቃይ አይተው በ1974 ሆስፒታሉን ከፈቱ። ከዚያ ሁሉ ዓመት ቀዶ ሕክምና በኋላ፣ በ2007 የሃምሊን የአዋላጆች ኮሌጅ ተከፈተ። ጉዳቱ ሳይደርስ የሚያስቀረው አዋላጅ መሆኑን ከእነርሱ በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

እዚህ ለተቀመጣችሁ የጤና ኃላፊዎችም አንድ ቃል አለኝ። አንዲት አዋላጅ ሌሊቱን ሙሉ ብቻዋን ክፍሉን ሁሉ እየጠበቀች፣ ፈገግታና ትዕግሥት ብቻ ብንጠይቃት ፍትሕ የለንም። ሰው ጨምሩላቸው፤ ማረፊያም ስጧቸው።

ተመራቂዎች፣ በየተመደባችሁበት ይህን አንድ ልማድ አስገቡልኝ፦ እያንዳንዷን አራስ አልጋዋ ላይ ስታስተኙ «ምንም ነገር ከተሰማሽ ጥሪኝ፤ አልቆጣሽም» በሏት። ስትጠራችሁም ፈጥናችሁ ሂዱ። እጃችሁ ይባረክ፤ አንደበታችሁ ይለስልስ።