ገመናችን ኮምፒዩተር ሲገባ ቁልፉ በማን እጅ ነው?

(በአንድ የጤና ባለሙያዎች ስብሰባ ላይ ከተደረገ ንግግር)



እኔ የኮምፒዩተር ሊቅ አይደለሁም። ዕድሜዬን የጨረስኩት ካርድ ክፍል ነው። ድሮ የበሽተኛ ፋይል የሚሰርቅ ሰው በር መስበር፣ አቧራ መዋጥ፣ ወረቀቱን በካፖርት ሸፍኖ ማውጣት ነበረበት። ቢሰርቅም አንድ ፋይል ነው። ዛሬስ? የሺህ ሰው ገመና ጣት በምታክል ፍላሽ ተጭኖ በኪስ ይወጣል!

እስቲ ሲንጋፖርን እንመልከት። በቴክኖሎጂዋ የምትኮራ አገር ናት። በፈረንጆች ጥር 2019 ኤች አይ ቪ በደማቸው የሚገኝ የ14,200 ሰዎች ስም፣ አድራሻና የምርመራ ውጤት ኢንተርኔት ላይ መለቀቁን መንግሥቷ አመነ። ሌባው ከሩቅ የመጣ አልነበረም፤ መዝገቡን የመክፈት ሥልጣን የነበረው ሐኪም የቅርብ ወዳጅ ነው። ሚኒስቴሩ ከ2016 ጀምሮ ሁለት ሰው ካልፈቀደ መረጃው እንዳይወርድ ደንግጎ ነበር። ምን ዋጋ አለው? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!

ወደ ቤታችን እንመለስ። በሠራሁበት ሆስፒታል የአንዲት እናት የላቦራቶሪ ውጤት በስልክ ፎቶ ተነስቶ «ለምክክር» ተብሎ በቴሌግራም ተላከ። ስሟ እንኳ አልተሸፈነም። ከአንዱ ወደ አንዱ ሲተላለፍ ጎረቤቷ ዘንድ ደረሰ። ሴትዮዋ መድኃኒቷን ልትወስድ ዳግመኛ አልመጣችም። ካርዷን ያወጣሁላት እኔ ነበርኩ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ልብ በሉልኝ! መረጃ አይተላለፍ አላልኩም። ከጤና ጣቢያ ሪፈር የተጻፈላት ወላድ የደም ዓይነቷ ቀድሟት ሆስፒታል ቢደርስ ነፍስ ያድናል። ግን ለማን? ምን ያህል? ለመሆኑ ገንዘብ ተቀባዩ የምርመራ ውጤቷን ማየቱ ምን ያደርግለታል?

ሕግ የለም እንዳይባል የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 አለ። በ2016 ዓ.ም. የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷል፤ የጤና መረጃንም የተለየ ጥበቃ ከሚያሻቸው መድቦታል። ነገር ግን አዋጅ ብቻውን ኮምፒዩተር አይቆልፍም!

ስለዚህ የምጠይቀው ቀላል ነው። በአንድ የይለፍ ቃል አሥር ሰው መግባቱ ይቅር። ማን፣ መቼ፣ የማንን ፋይል እንደከፈተ ይመዝገብ። በሽተኛውም «ማን አየብኝ?» ብሎ ሲጠይቅ መልስ ያግኝ።

ሐኪም ፊት ልብሳችንን የምናወልቀው ልንታከም እንጂ ገበያ ልንወጣ አይደለም።