ገናን ስለሚያከብሩና ስለማያከብሩ ጎረቤቶቻችን

(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ኮሚቴው ዛሬ ትንሽ እንድንናገር ባዘዘን ጊዜ፣ እኛ ከስድስተኛ ክፍል ያላለፍን፣ ዕድሜያችንን በመዝገብ ቤት ፋይል ስናገላብጥ የጨረስን ጡረተኛ ነን፤ ስለ ሃይማኖት ለመናገር ቄሱ አሉ፣ ሼኹ አሉ፣ ፓስተሩ አሉ ብለን ነበር። ዳኛችን ግን «እነርሱ እያንዳንዳቸው ለየራሳቸው ቤት ነው የሚናገሩት፤ ለመዋጮ የሁሉንም በር የሚያንኳኩት እርስዎ ነዎት» ስላሉን እሺ አልን።

ነገሩ እንደምታውቁት ነው። ባለፈው ገና በእድሩ አዳራሽ ቄሱ ጸሎት አድርሰው፣ ዳቦ ተቆርሶ፣ ቡና ተፈልቶ ነበር። ጥሩ ቀን ነበር። ታዲያ ያልመጡ አባሎች ነበሩ። ከዚያ ወዲህ «ለቀብር የቀረ ይቀጣ የለም ወይ? ለገና የቀረስ ለምን አይቀጣም?» የሚል ሐሳብ ተነሥቶ ይኸው ዛሬ በአጀንዳ ተይዟል። በዚህም የተነሣ ሁለት ቤተሰቦች የእድር ደብተራቸውን ይዘው መጥተው «እንግዲያውስ ሰርዙን» ማለታቸውን የማያውቅ የለም። አንደኛው ቤት ከሃያ ዓመት በላይ ሳያቋርጥ የከፈለ ነው። ይህን ያህል ዘመን የከፈለ ሰው ተሰርዞ ነገ ሞት ቢመጣበት ድንኳኑን ማን ይተክልለታል? ስለዚህ ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት፣ ሰው ገናን ለምን እንደሚያከብርና ለምን እንደማያከብር ብናውቅ ይሻላል ብለን ነው።

የሚያከብሩትን እናስቀድም። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን ከኅዳር አጋማሽ ጀምረው የነቢያትን ጾም ይጾማሉ፤ ሌሊቱን በማሕሌትና በቅዳሴ አድረው ታኅሣሥ 29 ቀን ጾም ይፈታሉ። ለእነርሱ ገና ዶሮና ጠላ ብቻ አይደለም፤ እግዚአብሔር ሰው ሆነ ብለው የሚያምኑበት ቀን ነው። በላሊበላ እንዲያውም የቅዱስ ላሊበላ ልደት በዚያው ዕለት ስለሚታሰብ በዓሉ ድርብ ነው። ካህናቱ በቤተ ማርያም ከዓለቱ አፋፍ ላይና ከሥር ሆነው ቤዛ ኩሉን ሲያሸበሽቡ ያየ ሰው ይህ ቀን ለአማኙ ምን ያህል እንደሆነ ይገባዋል።

አንዳንዴ በዓሉ ለምን በ28 እንደሚውል በየጊዜው ስለምንጠየቅ እዚህ ላይ እንናገር፤ የመዝገብ ቤት ሰው ቀን መቁጠር ይወዳልና ታገሡን። ከመጋቢት 29፣ ከጽንሰቱ ቀን፣ እስከ ታኅሣሥ 29 ድረስ ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን፣ ማለትም 275 ቀን ነው። ጳጉሜን 6 ስትሆን አንድ ቀን ትጨምራለች። ቁጥሩ እንዳይበልጥ በሚቀጥለው ዓመት፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ ልደት ወደ 28 ዝቅ ይላል። በ2016 ዓ.ም. እንዲህ ሆኖ ነበር፤ በ2020 ዓ.ም.ም እንዲሁ ይሆናል።

ፈረንጆቹ አብዛኛውን ጊዜ በእኛ ታኅሣሥ 16 ያከብራሉ። በእነርሱ አቆጣጠር በ1582 የሮማው ሊቀ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ 13ኛ ካሌንደሩን ስላረሙ፣ ዛሬ በአዲሱና በአሮጌው መካከል 13 ቀን ልዩነት አለ። አርመኖች ደግሞ ልደትንና ጥምቀትን አንድ ላይ አድርገው ጃንዋሪ 6 ቀን ያከብራሉ፤ ከእኛ ገና አንድ ቀን ቀድሞ ማለት ነው። ክርስቲያን ከክርስቲያን እንኳ በቀኑ አልተገናኘም።

በአገራችን ያሉ የካቶሊክ፣ የመካነ ኢየሱስና የሙሉ ወንጌል አማኞች ቀኑን ከእኛው ጋር ታኅሣሥ 29 ያውላሉ። ከወንጌላውያኑ ብዙዎቹ የነቢያትን ጾም አይጾሙም፣ ጠላም አይጠጡም። ጠላ ቀርቦላቸው አልቀመስ ሲሉ «ናቁን» የሚል አለ፤ መናቅ አይደለም፣ መጠጥ አይጠጡም፤ ያለው ይኸው ነው።

ክርስቲያን ሆኖ ጭራሽ የማያከብርም አለ። የይሖዋ ምስክሮች ለምን እንደማያከብሩ ጠይቀን የነገሩን እንዲህ ነው፤ ጌታ ሞቱን እንድናስብ አዘዘ እንጂ ልደቱን አክብሩ አላለም፤ በመጽሐፍ ቅዱስም ልደታቸውን አከበሩ ተብለው የተጻፉት ፈርዖንና ሄሮድስ ናቸው፤ እነርሱ ደግሞ መልካም አርአያ አይደሉም። መስማማት አለመስማማት የየራሳችን ነው፤ ምክንያት የላቸውም ማለት ግን አይቻልም። ይህም ትናንት የመጣ ነገር እንዳይመስላችሁ። በእንግሊዝ አገር ፓርላማው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1647 ገናን ሽሮ ነበር። አሜሪካ ውስጥ በማሳቹሴትስ ደግሞ በ1659 ገናን ያከበረ ሰው አምስት ሺሊንግ እንዲቀጣ ሕግ ወጥቶ እስከ 1681 ጸንቷል። ይህን ያደረጉት አረማውያን አይደሉም፤ ቀኑ በመጽሐፍ አልተጻፈም፣ ስካርም በዝቶበታል የሚሉ አጥባቂ ክርስቲያኖች ናቸው። እነርሱ ያከበረውን ቀጡ፤ እኛ ደግሞ ያላከበረውን ልንቀጣ ነው። ልዩነቱን ለጉባኤው እንተዋለን።

አሁን ዋናው ጉዳይ ላይ ደረስን። «ሙስሊሞች ኢየሱስን ስለማይወዱ ነው የማያከብሩት» የሚል ሰው ካለ፣ ጎረቤቱን ጠይቆ አያውቅም ማለት ነው። ከቁርኣን 114 ምዕራፎች 19ኛው በመርየም ስም የተጠራ ነው። ነቢዩ ዒሳ ያለ አባት ከድንግል እንደተወለዱ፣ እናታቸው በተምር ዛፍ ሥር እንዳማጡ፣ ገና ጨቅላ ሳሉም አፋቸውን ፈትተው እንደተናገሩ በዚያ ይተረካል። እንግዲህ ልደቱን ያምናሉ። በዓሉን የማያከብሩት፣ በዓል ለእነርሱ አምልኮ ስለሆነና የታዘዘላቸው ዒድ አል-ፈጥርና ዒድ አል-አድሐ ስለሆኑ ነው። ከዚያም በላይ ክርስቲያኑ በገና የሚያስበው አምላክ ሰው መሆኑን ነው፤ ሙስሊሙ ዒሳ ነቢይ ናቸው እንጂ አምላክ አይደሉም ይላል። ታዲያ ቄሱ ጸሎት ሲያደርሱ ከመካከል ቁም፣ ካልቆምክ ትቀጣለህ ማለት፣ ዳቦ ብላ ማለት ብቻ ነው እንዴ? የማያምነውን መስክር ማለት እኮ ነው።

እነርሱም ቢሆኑ በልደት ነገር አንድ አይደሉም። መውሊድ በአገራችን የሕዝብ በዓል ነው፤ ወሎ ውስጥ በጀማ ንጉሥ ስንት ሕዝብ ይሰበሰብበታል! ሌሎች ሙስሊሞች ግን ነቢዩ ሙሐመድ ራሳቸው ያላከበሩት ነው ብለው አይገኙበትም። በእድራችን ሁለቱም ዓይነት ቤት አለ፤ አንድ ግድግዳ ይጋራሉ፤ በዚህ ሲጣሉ ሰምተን አናውቅም።

አንድ ነገር ደግሞ እናስታውስ። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ሙስሊሞች ብዙ ክርስቲያኖችም ተቀላቅለዋቸው ሰልፍ ሲወጡ፣ ከጠየቁት አንዱ በዓሎቻቸው የሕዝብ በዓል እንዲሆኑላቸው ነበር። ይህም የተፈጸመው ከአብዮቱ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት በዒድ ቀን ቢሮ ገብቶ የዋለ ሠራተኛ ብዙ ነው።

ስለ ሥጋ ብዙ አንናገርም፤ እናቶች ከእኛ ይልቅ ያውቁታል። ክርስቲያኑ ሙስሊም ያረደውን፣ ሙስሊሙም ክርስቲያን ያረደውን እንደማይበላ ልጅ ሁሉ ያውቃል። በለቅሶ ቤት ንፍሮ የሚያዋጣን ለዚህ ነው፤ ንፍሮን ማን አረደው ብሎ የሚጠይቅ የለም።

የዛሬ ሦስት ዓመት በገና ጠዋት ጡሩንባ ሲነፋ ታስታውሳላችሁ። ክርስቲያኑ ሌሊቱን ቤተ ክርስቲያን አድሮ ገና መተኛቱ ነበር። ከዕቃ ቤት ድንኳኑን አውጥተው፣ ወንበሩን ተሸክመው፣ ቋሚውን የተከሉት ሙስሊሞቹና ዛሬ ይሰረዙ የተባሉት ናቸው። የቀሪ መዝገቡን የያዝነው እኛ ነንና በእጃችን ተጽፎ ይገኛል። በዚያው ዓመት በዒድ አል-አድሐ ደግሞ አንድ ሙስሊም አባት ሲያርፉ፣ ቀብሩ ለዚያው ቀን ስለሆነ ድንኳኑን ክርስቲያኖቹ ተከሉ። ያን ጊዜ አጀንዳ አልተያዘም፣ ማንም አላዘዘም።

የመተዳደሪያ ደንባችንን አገላብጠን አይተነዋል። ስለ ቅጣት በሚናገረው አንቀጽ ቀብር ይላል፣ ለቅሶ ይላል፣ ስብሰባ ይላል፤ በዓል የሚል ቃል የለበትም። እንዳይጨመርበት እንጠይቃለን። የገናው ዳቦ ይቀጥል፤ ወጪው ግን ከእድሩ ካዝና ሳይሆን ከሚያከብሩት በፈቃድ ይሰብሰብ፤ ዒድና መውሊድን በአዳራሹ ለማክበር የሚፈልጉም እንዲሁ ያድርጉ።

በተጨማሪ፣ በዓል ባለበት ቀን ሞት ቢደርስ የድንኳን ተረኛ በዓሉን የማያከብር እንዲሆን ዝርዝር አዘጋጅተናል። ለገና ስምንት ሰው ተመዝግቧል፤ ለዒድ ገና አምስት ነው፣ ሦስት ይጎድላል። ፈቃደኛ የሆናችሁ ክርስቲያኖች ከመውጣታችሁ በፊት በሩ አጠገብ ከጸሐፊው ዘንድ ስማችሁን አስመዝግቡ።