ልጄን ከትምህርት ቤት ላውጣው ወይስ ልተወው?

 



የመስጊዳችን ኮሚቴ ስለ ልጆች ትምህርት የተናገርኩትን ለዚህ የመታሰቢያ መጽሔት በጽሑፍ እንድሰጥ ሲጠይቀኝ በመጀመሪያ አመንትቼ ነበር። እኔ ዓሊም አይደለሁም፤ መምህርም አይደለሁም። ሱቅ ጠባቂ ነጋዴ ነኝ፤ ትምህርቴም ከስምንተኛ ክፍል አላለፈም። ነገር ግን ከጁምዓ ሶላት በኋላ ቁጭ ብለን ስንጨዋወት ከወላጆች አፍ ደጋግሜ የምሰማው አንድ አባባል አለ። «ልጁ ስድስት ዓመት ተምሮ ደብዳቤ ማንበብ ካልቻለ ትምህርት ቤት መላክ ምን ይጠቅመኛል? ቤት ላስቀምጠውና ቁርኣኑንና ሥራውን ላስተምረው» ይላሉ። ይህን እኔም ብያለሁ። ብዬም አልቀረሁ፣ አድርጌዋለሁ። ስለዚህ ዛሬ የማካፍላችሁ ከመጽሐፍ ያገኘሁትን ሳይሆን ዋጋ የከፈልኩበትን ነው።

ነገሩ የሆነው በ2010 ዓ.ም ነው። ልጄ የዘጠኝ ዓመት ልጅና የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ነበር። ከመግሪብ በኋላ ሸኻችን ዘንድ ይቀራል፤ ጁዝ ዐማን ጨርሷል። አንድ ቀን ከደብረ ታቦር የመጣ የዕቃ ደረሰኝ ይዤ መነጽሬን ብፈልግ አጣሁትና «እስቲ ይህን አንብብልኝ» አልኩት። ወረቀቱን አየ፤ እኔን አየ፤ ዝም አለ። «ስኳር» የምትለዋን ቃል እንኳ ፊደል እየቆጠረ ሊደርስባት አልቻለም። ደብተሮቹን አስመጣሁ። ከዳር እስከ ዳር ተጽፎባቸዋል። ከጥቁር ሰሌዳ የተገለበጠ ንጹሕ ጽሑፍ ነው። የጻፍከውን አንብብ ስለው ግን አያውቀውም። ሦስት ዓመት ሙሉ ሲሥል ኖሯል እንጂ ሲጽፍ አልኖረም።

በማግስቱ በንዴት ወደ ትምህርት ቤቱ ሄድኩ። በአንድ ክፍል ውስጥ ከሰባ የሚበልጡ ልጆች፣ በአንድ ወንበር ላይ አራትና አምስት ሆነው ተጨናንቀዋል። መምህሩ ወጣት ነው። ሊያስረዳኝ ቢሞክርም አልሰማሁትም። የልጄን እጅ ይዤ ወጣሁ።

በዚያው ሰሞን አሜሪካ ያለ ዘመዳችን ስልክ ደውሎ «እዚህ ልጆቻቸውን ቤት የሚያስተምሩ ብዙ ናቸው፤ ሕጉም ይፈቅዳል» አለኝ። እውነቱን ነው፤ በሃምሳዎቹም የአሜሪካ ግዛቶች የተፈቀደ ነገር ነው። በሌላ አገር ደግሞ፣ ለምሳሌ በጀርመን፣ ክልክል ነው። እኔ የሰማሁት ግን የሚስማማኝን ብቻ ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መልካም ነበሩ። ጠዋት ጠዋት በካርቶን ላይ «ጨው»፣ «ሳሙና»፣ «ገብስ» እያልኩ እጽፍለት ነበር። ልጁ ከጆንያና ከከረጢት ላይ ቃል መልቀም ጀመረ። ሚዛን ላይ መደመርና መቀነስ አሳየሁት። ደስ አለኝ፤ ኮራሁም። ከዚያ የገበያ ቀን መጣ። «ዛሬ ይለፍ፣ ነገ እናነባለን» አልኩት። በሚቀጥለው ሳምንት ዕቃ የሚያወርድ ጠፋ። ከዚያ ቀጥሎ ታመምኩና ሱቁን ለእሱ ተውኩለት። በሦስተኛው ወር የትምህርት ሰዓት የሚባል ነገር አልነበረም። ልጄ የቤት ተማሪ ሳይሆን ደመወዝ የሌለው የሱቅ ሠራተኛ ሆነ። የማስተምረውም ቢሆን የእኔ ዕውቀት ባለቀበት አለቀ። የጎረቤት ልጆች ደብተራቸውን ይዘው በሱቁ በር ሲያልፉ ከጆንያ ጀርባ ሲሸሸግ አየሁት።

ባለቤቴ በዚያ ሰሞን የተናገረችኝ ነገር እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። «ልጁን ከትምህርት ቤት አወጣኸው እንጂ ቤቱን ትምህርት ቤት አላደረግኸውም» አለችኝ።

ከዚህ የከፋው ደግሞ ሌላ ነው። ታላቅ እህቱ ያን ጊዜ የ14 ዓመት ልጅ፣ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። ወንዱ ልጅ ቤት መቅረቱን ያዩ ዘመዶች «ወንዱ ካልተማረ ሴቷ ለምን ትመላለሳለች?» ማለት ጀመሩ። ብዙም ሳይቆይ ሽማግሌ ሊልክ ያሰበ ቤተሰብ እንዳለ ተነገረኝ። ሕጉ ለጋብቻ 18 ዓመት ይላል፤ እኛ ግን ሕግ ባለበት አገር ሕግ እንደሌለ ሆነን ስንነጋገር ራሴን አገኘሁት። ለወንዱ ልጅ ብዬ የከፈትኩት በር ልጄን ያለ ዕድሜዋ ሊያስወጣብኝ ነበር። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ሸኻችን ዘንድ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው። አልተቆጡኝም። «ልጄ፣ የበድርን ምርኮኞች ታሪክ ታውቃለህ?» አሉኝ። ከበድር ዘመቻ በኋላ ማንበብና መጻፍ የሚችሉ፣ ቤዛ የሚከፍሉት የሌላቸው ምርኮኞች እያንዳንዳቸው አሥር የመዲና ልጆችን ጽሕፈት አስተምረው ነፃ እንዲወጡ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) መፍቀዳቸውን አስታወሱኝ። «ያ አስተማሪ ሙስሊም አልነበረም። ትናንት ሰይፍ የመዘዘባቸው ሰው ነው። የሙስሊሙን ልጅ ከፊቱ ያስቀመጡት ዕውቀቱ ስለሚያስፈልግ ነው። አንተ ደግሞ ጎረቤትህ የሆነውን መምህር ትሸሻለህ?» አሉኝ። ቀጠሉና፣ «እኔ ልጅህን ቁርኣን ሳቀራው ምን እንደማደርግ አይተሃል? በሉሁ ላይ የጻፈውን ከፊቴ ቁጭ ብሎ ይቀራልኛል። እሰማዋለሁ። ሳይዘው ሉሁን አያጥብም። ልጅህ በትምህርት ቤት ያጣው ይህን ነው፤ የሚሰማው ሰው አጥቷል» አሉኝ።

ወገኖቼ፣ የዚህ ንግግሬ ፍሬ ነገር ይህ ነው። በሐሪማም ሆነ በመድረሳ ሸኹ እያንዳንዱን ደረሳ ለብቻው ይሰማል። ከአባቶቻችን ኢልም ፍለጋ በእግራቸው ወደ ወሎ፣ ወደ ዳናና ወደ ጌታ የተጓዙት ሁሉ የተማሩት በዚህ መንገድ ነው። ክርስቲያን ጎረቤቶቻችንም ቢሆኑ፣ ጋይንት ውስጥ በድጓ በታወቀችው በቤተ ልሔም ተማሪው ቀለሙን ለመምህሩ በቃሉ ሳያሰማ አያልፍም። አገራችን ጋይንት የትምህርት አገር ናት ስንል ልጅን ቁጭ ብሎ መስማት ታውቃለች ማለታችን ነው። ሰባ ልጅ የያዘ መምህር ግን ሰባውን ሊሰማ አይችልም። ይህን ጉድለት ትምህርት ቤቱን ጥሎ በመውጣት አንሞላውም። ቤታችን ውስጥ በመስማት ግን እንሞላዋለን።

ልጄን መልሼ አስገባሁት። ሦስተኛ ክፍልን ደገመ። ያን ወጣት መምህር ይቅርታ ጠየቅኩትና ተቀምጠን ተነጋገርን። «ጋሼ፣ ከፊት ያሉት ይመልሳሉ፤ ከኋላ ያሉት ይረብሻሉ፤ የመሃሉ ዝም ብሎ ይገለብጣል። የእርስዎ ልጅ የመሃል ልጅ ነው። ማታ ማታ አሥር ደቂቃ ያስነብቡልኝ። የክፍሉን መጽሐፍ ብቻ አይሁን፤ እሱን በቃሉ ይዞ ያነበበ ይመስልብዎታል። አይቶት የማያውቀውን ወረቀት ይስጡት» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከኢሻ በፊት አሥር ደቂቃ ልጄን ሰማሁት። በዓመቱ መጨረሻ ያንኑ የደብረ ታቦር ደረሰኝ አነበበልኝ።

ከዚያ በኋላ ደግሞ ሳንወድ ሁላችንም የቤት አስተማሪ የሆንበት ዘመን መጣ። መጋቢት 2012 በኮሮና ምክንያት የአገሪቱ ትምህርት ቤቶች በሙሉ ተዘጉ። ነሐሴ 2013 ጦርነቱ ነፋስ መውጫ ደረሰ። ከ2015 ክረምት ጀምሮም በክልላችን በተነሣው ግጭት በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ ርቀው ከረሙ። በጋይንት፣ በስማዳም ሆነ በእስቴ ይህ ያልደረሰበት ቤት የለም። በእነዚህ ጊዜያት ልጅን ቤት ማስተማር ምርጫ ሳይሆን ግዴታችን ነበር። አሥር ደቂቃዋን ያላቋረጥን ወላጆች ልጆቻችን ያነበቡትን ሳይረሱ ተመለሱ። ያቋረጥን ግን ከሀሁ ጀመርን።

የወላጅ ቅሬታ ከንቱ ነው እንደማልል ታውቁልኛላችሁ። በ2014 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ወደ 900,000 ከሚጠጉ ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። በ2015 ከመቶ 3.2፣ በ2016 ከመቶ 5.4 ሆነ። ይህ ቁጥር የሩቅ ወሬ አይደለም። ያቺ ሽማግሌ ሊላክባት የነበረችው ልጄ የ2015ቱን ፈተና ወስዳ ካላለፉት አንዷ ናት። ስታለቅስ አብሬ አልቅሻለሁ። ግን ደግሞ ልብ በሉ። 12ኛ ክፍል ላይ የሚወድቀው ልጅ የወደቀው ያን ቀን አይደለም። ሦስተኛ ክፍል ላይ ሳያነብ ሲገለብጥ፣ እኛም ደብተሩ ሲሞላ አይተን ደስ ሲለን፣ ያን ጊዜ ነው የወደቀው። ልጄ ፈተናውን ባታልፍም የሂሳብ ሥራ ተምራለች። ዛሬ የሱቄን መዝገብ የምትይዘው እሷ ናት።

«ትምህርት ቤቱ ዲናችንን አያስተምርም» የሚል ወንድምም አለ። ልክ ነው፤ ሥራውም አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽእኖ ነፃ ሆኖ እንዲሰጥ ደንግጓል። በአንቀጽ 27 ደግሞ ልጆቻችንን በእምነታችን መሠረት የማሳደግ መብት ለእኛ ለወላጆች ሰጥቷል። ሉቅማን ለልጃቸው የሰጡት ምክር በቁርኣን የተነገረው የአባት ምክር ሆኖ ነው። ስለዚህ ዲን የቤታችንና የመድረሳችን አደራ ነው፤ ለመንግሥት መምህር አንተወውም። በሂጃብ ጉዳይ ችግር ቢያጋጥምም ልጅቱን ቤት ማስቀረት መፍትሔ አይሆንም። በ2017 ዓ.ም በአክሱም ሂጃብ የለበሱ ተማሪዎች ከክፍል ሲከለከሉ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዷል። መብት የሚጠየቀው እንዲህ በሕግ ነው። ቤት የተቀመጠች ልጅ ግን ክርክሩን ሳትጀምር ተረታች።

እንግዲህ ምን እናድርግ? በእኔ በኩል የምለው ይህን ነው።

አንደኛ፣ በየማታው አሥር ደቂቃ ልጃችንን እንስማ። ማንበብ የማትችል እናት «እኔ እንዴት አድርጌ?» ትል ይሆናል። እህቴ፣ ልጅሽ ሲንተባተብና ሲዘል ጆሮሽ ያውቀዋል። አንብቦ ሲጨርስ «ምን ይላል?» በይው። መልስ ካጣ አላነበበም።

ሁለተኛ፣ በወር አንድ ቀን ትምህርት ቤት እንሂድ። በወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ውስጥ እንግባ። በቁጥር ጥቂት ነን ብለን ከዳር አንቁም። መምህር የሚጠይቀው ወላጅ ያለውን ልጅ ያስታውሳል።

ሦስተኛ፣ የመድረሳችን ክፍል ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለአማርኛ ንባብና ለሂሳብ ይከፈት። የተማሩ ወጣቶቻችን እያንዳንዳቸው አምስት ልጅ ይያዙ። የጎረቤት ልጅ ቢመጣ ሃይማኖቱ አይጠየቅ።

አራተኛ፣ መንገዱ የሚያሰጋ ሆኖ፣ ወይም ልጁ ታሞ፣ ወይም ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ የግድ ቤት የሚውል ልጅ ካለን ሰዓትና መጽሐፍ እንመድብለት፤ የሚሰማው ሰውም ይኑረው። የሚመለስበትንም ቀን ከመምህራኑ ጋር እንነጋገርበት። ሰዓት ያልተመደበለት የቤት ትምህርት ሥራ ነው እንጂ ትምህርት አይደለም።

ያ ደረሰኝ ማንበብ ያቃተው ልጄ ዛሬ 17 ዓመቱ ነው፤ ገና ዘጠነኛ ክፍል ነው። ከዕድሜው የቀረበትን አልደብቅም፤ ከፊሉ የዘመኑ፣ ከፊሉ የእኔ ጥፋት ነው። ትናንት ማታ ከሱቅ ስገባ ታናሽ እህቱ ከፊቱ ተቀምጣ ስታነብለት ደረስኩ። አንድ ቃል ዘለለች። «ተመለሺ፤ ከዚያ ጀምሪ» አላት። እኔም ጫማዬን ሳላወልቅ በሩ ላይ ቆሜ ሰማኋቸው።

አላህ (ሱ.ወ) ለአገራችን ሰላሙን ያውርድልን። ልጆቻችንን ለዲናቸውም ለዱንያቸውም የሚጠቅም ዕውቀት ይስጥልን። ለእኛም የምንሰማበት ትዕግሥት ይስጠን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።